ለዶሮ የተነገረ አይቆጠርም

ብልጡ ቆጣሪ ደሴ የገባው አገሩን ሁሉ አዳርሶ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የደረሰው ደግሞ ደሴን አዳርሶ። የእትዬ ፌቨን ግድግዳ ላይ የወጣው በሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ገና ከራሱ ሳያወርድ ነበር።

ሰፈርተኛው እትዬ ፌቨን ይላታል፤ እኛ እዚህ ፌቨን ብቻ ብንላት ቅር አይላትም። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ድሮ ፌቨን፣ መክሊት፣ ሶስና የሚባሉት ሚጢጢ ልጆች ነበሩ አሉ፤ ዛሬ እንደዚያ የተባለች ሁሉ ከወንበር ስትነሳ ጉልበቷን የምትይዝ ሆናለች። ፌቨን መጋረጃ ሰፍታ ነው የኖረችው። የደሴን ግማሽ መስኮት ያለበሰች እሷ ናት ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው። ባሏ ሮቤል ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ልጇ ሶልያና ተድራ ከሄደች አሥራ አንድ። አሁን የቀራት አንድ የስፌት ማሽን፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ፣ እንዲሁም አንዲት የማታነጋግራት ጎረቤት ነው።

ቆጣሪውን ሊገጥም የመጣው ኢዮስያስ የሚባል አርባውን ያለፈ የመብራት ቢሮ ባለሙያ ነበር። ጨዋ ሰው ነው። ጫማውን በሩ ላይ ጠራርጎ፣ "እማማ፣ እንደምን አደሩ" ብሎ መሰላሉን ዘረጋ። አሮጌውን ቆጣሪ ሲፈታው ውስጡ ያለችው ክብ ብረት አንዴ ዞራ ቆመች።

"ይቺ እኮ ሙዚየም መግባት ያለባት ነች" አለ።

"እኔንም አብረህ ጫነኝ" አለች ፌቨን።

መቼም መብራት በብር መከፈሉ ከቀረ ቆይቷል። ግድቡም፣ ንፋሱም፣ ፀሐዩም ተትረፍርፎ መብራት በነጻ ሆኗል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መንደሩ በአንድ አፍ "መጣ!" ብሎ ሲጮኽ የሰሙት እነፌቨን ብቻ ናቸው፤ ለልጅ ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል። ቢሮው አሁን ከሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን እንደሚጠቀም፣ በምን፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር። ሰው ይህን ይሰጣል፣ መብራቱን ይወስዳል። የሚያማርር እምብዛም የለም።

ኢዮስያስ ነጩን ሳጥን ሰቅሎ ሲያበቃ በጣቱ ምሥራቁን ግድግዳ አሳየ። "እዚህ ጋ የሚያልፍ አንድ መስመር አለ እማማ። የማን ነው?"

"የኔው ነው" አለች ፌቨን ሳታስብ። "ጓዳ ነው።"

ኢዮስያስ አየት አደረጋት። ሳጥኑን እየጠራረገ ሥርዓቱን ነገራት። ሰባት ቀን የትውውቅ ሳምንት ነው። ቆጣሪው በሽቦው ያያል፣ በሶኬቱ ይሰማል፣ ይናገራልም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያየውን ያነብላታል። በመጪው ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ትውውቁ ያበቃል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ያልሆነ ተጠቃሚ ያለበት መስመር ይዘጋል። የቤቱ ሰው የሚባለው ደግሞ በስሙ እየተጠራ ከቤቱ ነዋሪ ጋር ሲነጋገር የተሰማ ነው።

"እርስዎ ብቻዎን ስለሆኑ ይሄ አይመለከትዎትም" ብሎ መሰላሉን አጠፈ።

ይህን የመነጋገር ነገር ከተማው ለምዶታል። በትውውቅ ሳምንት በአንድ ሰፈር ብታልፉ ጉድ ነው የምትሰሙት። አርባ ዓመት ተጋብተው በጥቅሻ የሚግባቡ ባልና ሚስት "አቶ ፍሬዘር፣ ወጡን አቀብለኝ"፣ "እሺ ወይዘሮ ሳምራዊት፣ ይኸው ወጡ" እያሉ ሲጮኹ ይውላሉ። ወሬ ያለቀባቸው ጋዜጣ ተራ በተራ ያነባሉ። ክፍል የተከራዩ ተማሪዎች ባለቤቷን "አክስቴ" ማለት ይለማመዳሉ። ሳምንቱ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ዝምታው ይመለሳል።

ከፌቨን ግድግዳ ወዲያ ነጃት ናት። የቦታው ካርታ አንድ ስለሆነ የተፈቀደው ቆጣሪም አንድ ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነጃትና ባሏ ሰይድ ወዲያኛው ቤት ሲገቡ ሮቤል ግድግዳውን በስቶ ሽቦ አሻገረላቸው። ያን ጊዜ ሁለቱ ቤት እንደ አንድ ቤት ነበር። ነጃት ጨው ሲያልቅባት በር አታንኳኳም፣ ገብታ ትወስዳለች። ፌቨን የጾሙን ወጥ ሁልጊዜ ለስድስት ሰው ትሠራ ነበር፤ ሦስቱ የነሱ፣ ሦስቱ የነነጃት።

ያጣላቸው የሶልያና ሠርግ ነው። በወሎ ሠርግ ሁለት ድስት እንደሚጣድ የማያውቅ የለም፤ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የእስላሙ ለብቻ፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት ይወጣል። አራት በግ ተገዝቶ ሁለቱን ሰይድ ሊያርድ ተነጋግረው ነበር። የፌቨን ወንድም ግን ቢላዋ ከጨበጠ የሚያቆመው የለም። ሰይድ ታጥቦ እስኪመለስ አራቱንም በስመ አብ ብሎ ጨረሳቸው። በግርግሩ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ነገሩ ሲታወቅ የነጃት ዘመዶች፣ ከሐይቅና ከኩታበር የመጡ ሀያ ሰዎች፣ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ፌቨን ደነገጠች፣ አፈረች፣ የምትገባበት ጠፋት። ከአፏ የወጣው ግን "እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሥጋ ሥጋ ነው!" የሚል ሆነ። ያውም ሀያ ሰው ፊት።

ነጃት ዘመዶቿን አስነስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሮቤል ሲሞት ነጃት ድንኳኑ ጥግ ሦስት ቀን ቁጭ ብላ፣ ሳትናገር ሄደች። ሰይድ ሲሞት ፌቨንም እንዲሁ። ሽቦውን ግን አንድም ቀን ማንም አልነካውም። ፌቨን አንዳንዴ ትዝ ሲላት "አሁን ለዚህ ማን ሠራተኛ ይጠራል" ብላ ታልፈዋለች። ሠራተኛ ቢጠራም አታስቆርጠውም ነበር፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች።

የተኳረፈ ጎረቤት ደግሞ ጨርሶ አይነጋገርም ማለት አይደለም። ፌቨን ለዶሮዋ ትናገራለች፣ ነጃት ለድመቷ። "ዶሮዬ፣ ነገ ውሃ አይመጣም አሉ፤ ያለው ሰው ባልዲውን ይሙላ" ትላለች ፌቨን ግቢው መሐል ቆማ፣ ከፍ ባለ ድምፅ። ወዲያው ከማዶ ባልዲ ሲንኳኳ ይሰማል። ሌላ ቀን ደግሞ ነጃት በመስኮቷ "ድመቴ፣ የሰው ልብስ ገመድ ላይ ዝናብ ሊጠግብ ነው" ስትል ፌቨን ነጠላዋን ጥላ ትሮጣለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነጩ ሳጥን በዜና አንባቢ ድምፅ አፉን ፈታ።

"ደህና አደሩ፣ ወይዘሮ ፌቨን። ትናንት ሻይ ሁለት ጊዜ አፍልተዋል፤ ሁለተኛውን ረስተውታል። የስፌት ማሽኑ አርባ ደቂቃ ሠርቷል። ሬዲዮው ክፍት ሆኖ እንቅልፍ ወስዶዎታል። የተነጋገሩት ሰው፦ የለም። ያልታወቀ መስመር፦ አንድ፤ በክትትል ላይ ነው።"

"አንተ ምን አገባህ!" አለችው። ሐሙስ ዕለት ግን ሻዩን እንዳይነገርባት ምድጃው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ሬዲዮውንም እንቅልፍ ሳይመጣ አጠፋችው። ለማን ብላ እንደሆነ ራሷም አልገባትም።

ዓርብ የሰማችው ግን ሌላ ነበር።

"ያልታወቀው መስመር ተለይቷል። ከምሥራቁ ግድግዳ ጀርባ፦ አምፖል ሁለት። ምድጃ አንድ። ትንፋሽ የሚያግዝ የኦክስጅን ማሽን አንድ፤ በቀን አሥራ ስምንት ሰዓት ይሠራል። ተጠቃሚዋ አንዲት ሴት። ከቤቱ ነዋሪ ጋር ስትነጋገር የተሰማችው፦ ዜሮ ጊዜ። መስመሩ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።"

ፌቨን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከግድግዳው ወዲያ "ህምም" የሚል ድምፅ መስማት ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል። ነጃት አዲስ ፍሪጅ የገዛች መስሏት ነበር። እንዲያውም ለዶሮዋ "የሰው ፍሪጅ እንቅልፍ ነሳን" ብላ አሽሟጣለች፣ ያውም ጮክ ብላ። ያ ድምፅ የነጃት ትንፋሽ ነው። ፌቨን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ከዚያ ኢዮስያስ ጋ ደወለች።

"ዋሽቼሃለሁ ልጄ። ጓዳ አይደለም፤ ጎረቤቴ ናት።"

"ገብቶኝ ነበር እማማ።"

"መዝግባት በቃ። ታማለች እኮ፣ በማሽን ነው የምትተነፍሰው!"

"እኔ ሽቦ ነው የምሰቅለው፤ የሚመዘግበው እሱ ነው። ጎረቤት የሚል ደግሞ ውስጡ የለም። እናት፣ ልጅ፣ ባል፣ እህት፣ እንደዚህ ነው የሚያውቀው።"

"ታዲያ እህቴ ናት እለዋለሁ።"

"እርስዎ የሚሉትን አይሰማም፤ ስትነጋገሩ ሰምቶ ራሱ ነው የሚለየው። ደግሞ ደም አይጠይቅም፣ አነጋገራችሁን ነው የሚያየው። ቀላል ነው እማማ። ስሟን ይጥሩና ትንሽ ይጫወቱ።"

ፌቨን ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ኢዮስያስ ነገሩ ገባው። የደሴ ልጅ ነው፣ ኩርፊያ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

"ሽማግሌ ልላክባት?" አለች በመጨረሻ።

"ሽማግሌው ይቆጠራል፣ እርስዎ አይቆጠሩም።"

"ቢዘጋስ?"

"ለሷ የራሷን መስመር ማመልከት ይቻላል፤ ሦስት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ኮምቦልቻ የሕሙማን ማረፊያ አልጋ ይሰጧታል። እዚያ የገቡ አዛውንቶች..." ብሎ ነገሩን አቋረጠው።

"እዚያ የገቡት ምን?"

"ብዙዎቹ ወደ ቤት አይመለሱም፣ እማማ።"

ቅዳሜ ጠዋት ፌቨን የምታውቀውን አደረገች። ዶሮዋን አቅፋ ከነጃት መስኮት ሥር ቆመች።

"ዶሮዬ" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ይሄ ብልጡ የሚሉት ጉድ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ያቺን መስመር ሊዘጋት ነው። በማሽን የሚተነፍስ ሰው ካለ ይወቀው። ሰው በስሙ ተጠራርቶ ከተነጋገረ ግን አይዘጋም አሉ። እኔ በበኩሌ ክፉ አላስብም።"

መስኮቱ ውስጥ መጋረጃው ተነቃነቀ። መጋረጃው ድሮ የሰፋችላት ነው፣ አረንጓዴ። ቆይቶ ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ መጣ።

"ድመቴ... ሰምተናል በዪ። ትንፋሽ የሚሰጥም... የሚነሳም አላህ ነው። በዶሮ የተላከ... መልእክት አንቀበልም።"

ፌቨን እንዲያውም ደስ አላት። ይኸው ተነጋገሩ! እንዲህ ያለ ረጅም ወሬ ካወሩ ስንት ጊዜያቸው። ዶሮዋን ጥሬ አብልታ በተስፋ አደረች። እሑድ አንድ ሰዓት ላይ ብልጡ አነበበ።

"ትናንት ወይዘሮ ፌቨን ከዶሮ ጋር ተነጋግረዋል። ያልታወቀችው ሴት ከድመት ጋር ተነጋግራለች። ለእንስሳ የተነገረ አይቆጠርም። በሰው መካከል የተደረገ ንግግር፦ ዜሮ። ቀሪ ጊዜ፦ ሁለት ቀን ከአምስት ሰዓት።"

እሑድ ከሰዓት ነጠላዋን አስተካክላ እስከ ነጃት በር ሄደች። ሀያ እርምጃ ነው። እጇን አንስታ ሳታንኳኳ መለሰችው። ሰኞም ሄደች፤ ሰኞ እንዲያውም የበሩን ቀለም እስክታጠና ቆመች። ምን ትበል? ደህና አደርሽ? ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደህና አደርሽ ይባላል? ነጃት በዚያ ቀጭን ድምፅ "ማን ነሽ አንቺ?" ብትላት ምን ይውጣታል? ፌቨን በዕድሜዋ ባል ቀብራለች፣ ሁለት ጊዜ በሽታ ጥሏት ተነስታለች። እንደዚህ በር ግን የፈራችው ነገር የለም። ተመልሳ ገባች። ግድግዳው ህምም ይላል። ያን ዕለት ሬዲዮ አልከፈተችም፤ ድምፁን እየሰማች ቁጭ ብላ ዋለች።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ብልጡ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"አንድ ሰዓት ቀርቷል። መስመሩ ሲዘጋ የሚጎዳ ሰው ካለ አስቀድመው ለሕክምና ማዕከል ያሳውቁ። መልካም ቀን።"

"መልካም ቀን ይበልህ!" አለች ፌቨን፤ ነጠላም ሳትደርብ፣ በቤት ጫማዋ፣ ያን ሀያ እርምጃ ሄደች። አላንኳኳችም። ድሮ ነጃት ጨው ፍለጋ እንደምትገባው በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

ነጃት አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሰውነቷ አልቋል። ያቺ ፊተ ሙሉ፣ ያቺ ስትስቅ ግቢው የሚሰማላት ሴት፣ ከአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ወርዶ እግሯ ሥር ካለ ግራጫ ሳጥን ገብቷል። አጠገቧ አንዲት የታሰረች ሻንጣ አለች። ሠመራ የሚኖረው ወንድ ልጇ ደውሎ ኮምቦልቻ አልጋ ይዞላታል፤ መኪናው ለስድስት ሰዓት ተቀጥሯል።

"ነጃት" አለች ፌቨን።

ነጃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ነጃት፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"አይቻለሁ። ያመመኝ... ሳንባዬን ነው፣ ዓይኔን አይደለም።"

"መስመሩን ሊዘጉት ነው።"

"ሰምቻለሁ። ለዶሮሽ ስትነግሪያት።"

"ታዲያ ለምን ለኔ አትመልሺም?"

"ለዶሮሽ ነዋ የነገርሻት!" አለችና ሳል ያዛት። ፌቨን ልትይዛት ጠጋ ስትል በእጇ ከለከለቻት። ሳሉ ጋብ እስኪል ሁለቱም ጠበቁ። "ፌቨን፣ ለሽቦው ብለሽ ከሆነ የመጣሽው... ተመለሺ። ሻንጣዬን አስሬያለሁ። ለሽቦ ብዬ አልታረቅም።"

ፌቨን ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም።

"ለሽቦው ነው የመጣሁት። ሽቦው ባይኖር አልመጣም ነበር፤ እንዳፈርኩ እሞት ነበር። ነጃት፣ ያን ቀን ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ሥጋ ሥጋ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በበላሁ ቁጥር ያ ቃል ትዝ ይለኛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቅርታ አድርጊልኝ ልልሽ ወጥቼ ለዶሮ ስለ ባልዲ ተናግሬ ገባሁ። ይኸው አሁን እልሻለሁ። አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ማሽኑ ህምም አለ። ነጃት ቱቦዋን አስተካከለች።

"ሥጋውን ማን አነሳብሽ?" አለች።

"እንዴት?"

"ሥጋውንማ... ወላሂ እኔ ራሴ ስቄበታለሁ። ሰይድ 'ያ ወንድሟ ቢላዋ ካየ አያስችለው' ሲል እየሳቀ ነው ያደረው። ዘመዶቼም ሽሮ በልተው አደሩ፣ የሞተ የለም። ቃሉም... ደንግጠሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ስትደነግጪ አፍሽ እንደሚቀድም አላውቅም?"

"ታዲያ በምን ነው የተቀየምሽኝ፣ አንቺ ሴትዮ?"

ነጃት ትንፋሽ እስክትሰበስብ ጊዜ ወሰደባት።

"ስወጣ... ዘመዶቼን አስቀድሜ በሩ ላይ ቀረሁ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም እኮ ፌቨን! ዝም ብዬ ነው ጎንበስ ያልኩት። ነጃት፣ የት ትሄጃለሽ፣ ተመለሺ እስክትዪኝ። ስሜን ብትጠሪው እመለስ ነበር። ሽሮም ቢሆን ከልጄ ሠርግ እበላ ነበር። ሶልያና ለኔ ልጄ አይደለችም? ቀና ብዬ ሳይሽ... ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ድስት ታማስያለሽ።"

"እያለቀስኩ ነበር እኮ!"

"እኔ ከኋላ በምን ልወቅ!"

"ዞር ብል ሠርገኛው ሲያየኝ፣ የልጄን ሠርግ በለቅሶ ላበላሸው ነው ብዬ..."

"ድስቱ እንኳ እሳት አልነበረበትም። ባዶ ነው የምታማስይው።"

"ባዶ ነበር?"

"ባዶ!"

ፌቨን አፏን ይዛ ቆየችና ሳቀች። ነጃትም ሳቀች፣ በሳልና በሳቅ መሐል። ከዚያ ፌቨን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያን የቀጠነ እጅ ያዘች፣ ነጃትም አልከለከለቻትም። ሁለቱም አለቀሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዷ ስሟ እስኪጠራ ጠብቃለች፣ ሌላዋ በሩን ፈርታ ኖራለች፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አልጋው አጠገብ ካለው ሶኬት ያ የዜና አንባቢ ድምፅ መጣ።

"ንግግር እየተመዘገበ ነው። በስም መጠራራት ተሟልቷል። ዝምድና በመለየት ላይ ነው። እባክዎ ይቀጥሉ።"

"አሁን ይሄ ምንድን ነው?" አለች ነጃት።

"እሱ ነው። ምናችን እንደሆንን ሊነግረን ነው።"

"እኛ ሳናውቀው እሱ ሊነግረን?"

"ሰምቶ ነው የሚፈርደው አሉ።"

"አቤት ዘመን! ዳኛም ከግድግዳ መጣ?"

"ዝም በዪ፣ እንዳይቆጣብን።"

"ይቆጣ! ሙሉ ሕይወቴን ስቆጣ ኖሬ ዛሬ ቆጣሪ ልፈራ?"

"አይ ነጃት፣ እንደ ድሮሽ ነሽ።"

"አንቺ ግን አርጅተሻል። ያ ጉንጭሽ የት ሄደ? ራስሽን ችለሽ አትበዪም እንዴ?"

"ዝምድና ተለይቷል" አለ ብልጡ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። "እህትማማቾች። ሁለታችሁም ስምምነታችሁን በቃል ግለጹ።"

ሁለቱም ያን ነጭ ሶኬት ነበር የሚያዩት።

"ተስማምቻለሁ" አለች ፌቨን።

"ታላቋ እሷ መሆኗ ይመዝገብልኝ" አለች ነጃት። "በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ኋላ እንዳታምታታ።"

"እባክዎ ስምምነትዎን ብቻ ይግለጹ።"

"ተስማምቻለሁ። ምን አማራጭ አለኝ... እህት ከተወለደች በኋላ አትመለስ።"

"መስመሩ ጸንቷል። ወይዘሮ ነጃት የቤቱ ነዋሪ ሆነው ተመዝግበዋል። ለምዝገባ የሚያስፈልገው ንግግር ተሟልቷል። አሁን መነጋገር ማቆም ትችላላችሁ።"

ነጃት ትራሷ ላይ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ደም መጣ።

"ማቆም? ማን አባቱ ነው የሚያስቆመን? ገና አሥራ አንድ ዓመት አለብን!" አለችና ወደ ፌቨን ዞረች። "ለልጄ ደውዪና መኪናው ይቅር በዪልኝ፤ ቁጥሩ እዚያ ወረቀት ላይ አለ። ከዚያ ነይ ተቀመጪ። ሶልያና ምን ወለደች?"

"ሴት። አሥር ዓመት ሆናት።"

"አሥር ዓመት! የማንን መልክ ይዛለች? ስታምጥ ማን ነበር አጠገቧ? ቆይ ቆይ፣ እንደሱ አይደለም። እኔ በሩን ከወጣሁ በኋላ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።"

ፌቨን መኪናውን አስቀረችና ወንበር ወደ አልጋው አስጠግታ ከመጀመሪያው ዓመት ጀመረች።